ዓምድ የሌለው ሰዓት

ፍራንኮ መታጠፊያ፣ ከጎሚስታው ጥላ ሥር፣
ሰዓት በእጄ ይዤ ታርጋ ስቆጥር፣
ሂርጳ ፖስታ ቤት ጋ፣ ወረቀቱን ይዞ፣
የላክሁትን ሁሉ ይቀበላል ፈዞ።
ከሱ ሰዓት ላይ የኔን መቀነስ፤
ሥራችን ይኸው ነው፣ እስኪመሽ ድረስ።

ሰኞ ዘጠኝ ደቂቃ። ማክሰኞ አሥራ አንድ።
ረቡዕ፣ የጅቡቲ ተሳቢ ተጋድሞ መሐል መንገድ፣
አርባ ሰባት።
ሐሙስ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ተመልሶ ዘጠኝ፤
የአዳማ ነፋስ ብቻ አቧራ አለበሰኝ።

አማካዩ ወጣ፤ አሥራ ዘጠኝ ተባለ።
አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሄደ ሰው ግን፣
ከአራቱ ቀን በአንዱ፣ የታለ?

ዘርፌሽዋል የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት።
ሥራ የምትገባው በሁለት ሰዓት፣
ባጃጅ የምትይዘው በአንድ።
«ለዘጠኝ ደቂቃ?» ብዬ ጠየቅኋት።
«ዘጠኙን ተወው ልጄ፤ እኔ የምፈራው ረቡዕን ነው።
ረቡዕ ደግሞ በየትኛው ቀን እንደሚውል ማን አወቀው?»

ደርሳ፣ ከበሩ ማዶ፣ ከድንጋዩ ላይ፣
ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ዘበኛውን ስታይ፣
ሃምሳ አንድ ደቂቃ።
መንገድ እንዳይባል፣ ደርሳለች።
ሥራ እንዳይባል፣ አልገባች።
እንቅልፍማ ቤቷ ቀርቷል።
ቅጹ ላይ መነሻ አለ፣ መድረሻ አለ፤
ለዚህ ዓምድ የለም።

ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።
ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ
«ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?» አለኝ።
«ከፍራንኮ» አልኩት፣
«በጠዋት ተነሥቶ።»