ከመቶ አንድ እጅ

ከንጋቱ አንድ ሰዓት፣ የመንገዱ በረዶ ሳይጠረግ፣
ጉኔል ትገባለች፣ ካፖርቷን ልትሰቅል፣ ነጭ ጋዋን ልታደርግ።
እዚህ በስዊድን ሰሜን፣ በታኅሣሥ፣ ፀሐይዋ ብቅ የምትል ለምሳ፣
ፈርማ ትሄዳለች ወዲያው፣ እንደ ሹም፣ ቀጠሮ አስታውሳ።
ብልቃጦቹ ግን ይሽከረከራሉ በሠላሳ ዲግሪ ሙቀት፤
በከተማው ሁሉ የሞቀው ቤት የእርሾዎቹ ነው፣ የሚርመሰመሱበት።

ቀለባቸው የጥድ እንጨት ነው፣ በአሲድ ተቀቅሎ የቀረ ጭማቂ፣
ቡናማ፣ እንደ ሬት የመረረ፣ ጉሮሮ አናቂ፤
ስኳርም አለው መርዝም አለው፣ አንዱ ካንዱ አይለይም፣
ሊበላ የቀረበ ሁሉ ከገበታው አይነሣም።
ፋብሪካው የሚሻው ይህን ጠጥታ አልኮል የምትመልስ ናት፤
እንዲህ ያለች እርሾ በምድር የለችም፤ ጉኔል ናት የምትጠብቃት።

ሥራው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ነው የሚያደክመው፤
ከትላንቱ ብልቃጥ ከመቶ አንድ እጅ ቀድቶ ለአዲሱ መስጠት ነው፣
ዘጠና ዘጠኙን እጅ ወደ ማምከኛው መድፋት፣
መርዙን በጠብታ፣ በጠብታ ማብዛት።
ማን እንደሚያልፍ አትመርጥም፤ ፒፔቷ ዐይን የለውም፤
የምትመርጠው ወንዙን ነው፣ ዋናተኛውን አይደለም።

"እየተማሩ ነው ማለት ነው?" ብላ ኤባ፣ ተማሪዋ፣ ጠየቀች።
"ምንም አይማሩም። ይሞታሉ። ያልሞተችዋ ትወልዳለች።"

በገና ዋዜማ፣ ጎረቤት ሁሉ ሄሪንግ ዓሣና ካም ሲቆርስ፣
በበረዶ መንሸራተቻ መጣች፣ የቀናቱ ሰንሰለት እንዳይበጠስ፤
መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ "ቀን ስልሳ አንድ። ደህና ናቸው። ጠጥተዋል።"
ስለ ራሷ አልጻፈችም፤ መዝገቡ ስለ እርሾ ብቻ ይላል።

በሰማንያኛው ቀን ብልቃጡ ጠራ፣ እንደ ሻይ ጠራ፤
መጥራት ሌላ ቦታ መልካም ነው፤ እዚህ ግን የሞት ተራ።
ቶርቢዮርን፣ አለቃዋ፣ አይቶ "ድፊው፣ ሌላ እንጀምር" አለ፤
አልደፋችም። ሰኞ ስትመጣ ደፍርሶ ጠበቃት፣ አረፋ እያበቀለ።

በመቶ ሃያኛው ቀን፣ መርዙ እጥፍ ሆኖ እንኳ ይበላሉ፤
ሠንጠረዡ ሽቅብ ወጣ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ "ሆነ! ሆነ!" ይላሉ።
ጉኔል ብቻ ብልቃጡን ወደ መብራት አንሥታ፣ ሳትነቀንቅ ቆየች፤
እርሾዋ እጅ ለእጅ ተያይዛ፣ ቋጠሮ ሆና፣ ወደ ታች ሰመጠች።

መርዙ የውጭዎቹን ይገድላል፤ የውስጦቹ በሬሳ ታጥረው ያድራሉ፤
አልኮል መስጠትን ረስተዋል፤ ለምን ያስታውሳሉ?
ማንም አልጠየቃቸውም። የተጠየቁት "ማን ይቀራል?" ተብለው ነው፤
"እኛ" አሉ። መልሱ ትክክል ነው። ስሕተቱ የጠያቂው ነው።

ከዚያ የራሷን እጅ አየች፦ ሠላሳ ዓመት በልማድ
ፒፔቷን እስከ ወለሉ ሰድዳ የምትቀዳ፣ ሁልጊዜ ባንድ መንገድ፤
የሰመጠውን እያነሣች፣ ሳታውቅ እየሾመች፣
በሰፈረችው ቁና፣ ይኸው፣ ተሰፈረች።

ቶርቢዮርን ዝም አለ። የኬኩ ግማሽ ከነሹካው ቀረ።

ማቀዝቀዣውን ከፈተች፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ትንፋሹ ጉም፤
ትውልዶቹ ሁሉ እዚያ ተኝተዋል፣ ሞቱም አይባል፣ ኖሩም።
አንዷን ጠርሙስ መርጣ አወጣች፣ ያቺን የገና ዋዜማ፣
እስክትቀልጥ በመዳፏ ያዘቻት፣ የሚጠሯትን ሳትሰማ።

መጋቢት ላይ ጡረታ ትወጣለች። ቦታዋን ባለ ክንድ ማሽን ይወስዳል፤
አይተኛም፣ እኩል ይቀዳል፤ ከየት እንደሚቀዳ ግን ሰው ይነግረዋል።
ስለዚህ ኤባን ጠርታ፣ ጣቷን ብልቃጡ ወገብ ላይ አሳረፈች፤
"ከመሐል" አለቻት። "አልኮሉንም በየሳምንቱ ለኪ" አለች።

ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፦ ሙዝ፣ ዳቦ፣ የጥድ ሙጫ በጥቂት።
መዝገቡን ገልጣ "ቀን አንድ" ብላ ጻፈች።
ሰረዘችው።
"ቀን ስልሳ ሁለት።"