ረጋጩ ዎከር

የሃሊፋክስ ስልክ ማውጫ ቢገለጥ ድሮ፣
ዎከር፣ ዎከር፣ ዎከር፣ ዘጠኝ ገጽ ተደርድሮ።
«ትርጉሙ ተራማጅ ነው» ቢላት አስተማሪው፣
ኤነድ ሳቀች፤ አባቷ ጉዱን ነግሯት ነው።

ያ ስሙን የተወላት አንድ ጋት አልሄደም፣
ቀኑን ሙሉ ቢረግጥ ከገንዳው አልወጣም፤
በከረመ ሽንት ውስጥ ቆሞ እስከ ጉልበቱ፣
ሱፍ ሲያጠብቅ መሸበት፤ ገረጣ ባቱ።
ደቡቡ ፉለር ሲል፣ ምዕራቡ ታከር፣
ግማቱ አንድ ነበር፣ ስሙ ቢቀያየር።

ኋላ የወንዝ መዶሻ እንጀራውን ነጠቀ፤
ስሙ ግን ከልጅ ልጅ እንደ ጨርቁ ጠበቀ።

ትናንት ልብስ ማጠቢያዋ ሲሞትባት ማታ፣
ብርድ ልብሱን ዘፍዝፋ፣ ቀሚሷን አንሥታ፣
ረገጠች፣ ረገጠች፣ ገንዳው ውስጥ ገብታ።
ከታች ፎቅ ጎረቤት «ማነው?» ቢል በቁጣ፣
«ዎከር!» አለች፤
ውሃው በጣቶቿ መሃል ወጣ።