የጎበጠች ምስማር

አሥራ አንድ ቤት ቀየርኩ በአሥራ አራት ዓመት፣
ጠባሴን አዳርሼ፣ በሬሳ ማዶ ድረስ፣ ጓዜን በጋሪ ስጎትት።
አከራዮቼን ሁሉ እስካሁን በድምፃቸው አውቃለሁ፤
አንዷ “ማታ አትሳሉ”፣ አንዱ “ሁለት ሰዓት ነው፣ አምፖሉን አጠፋለሁ።”
ማናቸውም ግን አልረሱም ይህችን አንዲት ቃል፦
“ግድግዳዬ ላይ ምስማር እንዳትመቺ፤ ይፈረፈራል።”

ስለዚህ ልብሳችን ወንበር ላይ ኖረ፣
የማዕዶት ቦርሳ የበር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አደረ፤
የእናቴም ፎቶ፣ መስተዋቱ እንዳይነቃ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣
ከርሟል ከሣጥን ሥር፣ ፊቱን ወደ መሬት ጥሎ።

ስሜ ከዝርዝሩ ሲነበብ፣ ነፃ ቤት መስሎኝ ነበር።
“አይደለም” አሉ፣ “ዋጋ አለው፤ በየወሩ የሚከፈል ብር፣
ከዚያ በፊት ደግሞ አራት መቶ ሰዓት ላብ፤
የመጀመሪያው መቶ ለዘነበወርቅ ቤት፤ ያንቺን ኋላ ነው ማሰብ።”

የሌላ ሰው ግድግዳ! ከፋኝ፤ አልዋሽም።
ጭቃውን የረገጥኩት በእልህ ነው፣ በፍቅር አይደለም።
የደብረ ብርሃን ኅዳር ነው፤ ጭቃው በማለዳ በረዶ እየሠራ፣
እግሬ ከዘነበወርቅ እግር ጋር ደንዝዞ፣ የማን እንደሆነ እስካይጣራ።

ቅዳሜ በአውቶቡስ መጡ፣ ከአዲስ አበባ፣ በጎ ፈቃደኞች፣
ነጭ ሸራ ጫማ፣ አዲስ ጓንት፣ ሳቂታ ልጆች።
ናሆም የሚሉት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ መዶሻ ይዞ ወጣ፤
ዘጠኝ ምስማር አጎበጠ፤ አሥረኛው ምት አውራ ጣቱ ላይ መጣ።
ጋሽ ወንድይፍራው፣ አናጢው፣ ከጣሪያው ሳይወርዱ፣
“ልጄ፣ ብርም እንዲህ ነው የምትቆጥረው?” ሲሉት፣ ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ።
“ይህች ምስማር ግን የሰው ላብ ናት፤ የገበያው ሰው ካልሲ ሸጦ፣
ኪሎ ኪሎ ያመጣት፣ ከዕቁብ ብሩ ቆርጦ።
አትጣላት። አቅናት።”

ተቀመጠ። ጣቱ እያበጠ፣ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ
ሲያቀና ዋለ፣ ምሳ ሲጠራም ሳይሄድ።
አንዲቷን እኔ ሰረቅኋት። ሙሉ በሙሉ አልቀናችም፤
ወገቧ እንደ እኔ ወገብ ነው፤ ከእንግዲህ አይቃናም።
ማታ አውቶቡሱ ሲነሣ እጁን በመስኮት አወዛወዘ፣
ጓንቱን ለማዕዶት ትቶ፣ ጫማው ጭቃችንን እንደያዘ።

ቆርቆሮውን የሰጠችውን አላውቃትም፤ ስሟ የለም ደረሰኙ ላይ።
አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ናት ይላሉ፤ አልመጣችም ልታይ።
ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ። የሐምሌ በረዶ ሲወርድበት
እንደ ምጥ ይጮኻል ቤቱ፤ ጊዜው ነው እሷን የማስብበት።

ዘነበወርቅ ቁልፏን ስትቀበል፣ አለቀ ብዬ ነበር፤
በማግስቱ ከእኔ መሠረት ውስጥ አገኘኋት፣ ድንጋይ ስትደረድር።
“ሰዓትሽ ሞልቶ የለ?” ብላት፣ ቀና ሳትል ከሥራዋ፣
“ሞልቷል። ግን ብርድ ነው፤ ልሙቅ ብዬ” አለችኝ ነገረኛዋ።

የገባን ማታ መብራቱን ሁለት ሰዓት ላይ አጠፋሁ።
ማንም አላዘዘኝም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው አፈርሁ።
ኪሩቤል ሳል ሲይዘው አፉን በትራስ አፈነ፤
በገዛ ቤቱ ውስጥ ልጄ እንደ ሌባ ሆነ።

ተነሥቼ አበራሁ። መዶሻ የለኝም፤ ዘነዘና
አነሣሁ። ምስማሯን ከመቀነቴ ፈታሁ፤ ጎባጣ ናት ገና።
ማዕዶት “እማ፣ ይፈረፈራል!” ብላ እጄን ያዘች።
“ይፈርፈር” አልኩ። ሦስቴ መታኋት፤ ወደ ጎን ሄደች፤ ግን ገባች።

ፎቶውን ልሰቅል ነበር። መጀመሪያ የሰቀልኩት
የዕዳ ደብተሬን ሆነ፤ የአሥር ዓመት ክፍያ አለበት።
እናቴ ትንሽ ትታገሥ፤ ለእሷ ቀጥ ያለች እገዛለሁ፤
ይህችን ግን፣ ከነጉብጠቷ፣ ለራሴ አስቀራለሁ።

ከአልጋው ኪሩቤል ጮክ ብሎ ሳለ፤
ግድግዳው ሰማ። ማንም ምንም አላለ።