ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ኮርንዎል ዳር፣ ጀልባ ተስቦ ከሚያድርበት፣
ዳገቱ ሲጀምር፣ ነፋስ ከሚዞርበት፣
ሰባ ጭስ መውጫ ያለው አንድ ሰፈር አለ፤
ስሙን ጻፍ ሲባል ግን ጎረቤት ተጣለ።

ትሬሊን።
"ባንድ ኤል ነው!" ይላሉ የታች መንደር ሰዎች፣
"በሁለት ነው እንጂ!" የዳገቱ በሮች።

ለቭዴይ ናንካሮ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ፖስታ ስታድል ነው ያለቀው ጉልበቷ፤
"ትሬ ማለት ርስት፣ ሊን ማለት ተልባ፤
ይኸ ሁሉ ማሳ ሰማያዊ አበባ
ነበረ" ትላለች፣ በከዘራ እያሳየች
የመኪና ማቆሚያውን።
አንድ ኤል። ጨረሰች።

ጄጎ ትሬጄንዛ ይኸን ሲሰማ ይስቃል፦
"ተልባ? በዚህ ጨው ነፋስ ተልባ መች ይበቅላል!
ሊን ማለት ኩሬ ነው፤ ኤሉን አጥብቁበት!
አያቴ በረዶው ተሰብሮ የገባበት፣
አንድ እግር ጫማውን ትቶ የወጣበት፣
ዛሬ ሄድሊ ዓሣ የሚመዝንበት።"

ሦስተኛም ወሬ አለ። መጠጥ ቤቱ በር ላይ
የተቸነከረ የመርከብ ሳንቃ አለ፣ ለሚያይ፤
ግማሽ ስም ቀርቶበታል፣ ግማሹን ባሕር በልቶት።
ማንም አያምንበትም።
ለእንግዳ ግን ሁሉም ያሳያል ወስዶት።

በጥቅምት ምክር ቤቱ አዲስ ታፔላ ተከለ፣
በሁለት ኤል። በነጋታው አንዱ ኤል የለ።
በሳምንቱ ተመለሰ። ደግሞ ተደለዘ።
ደንዚል፣ ቀለም ቀቢው፣ መሰላል እንደያዘ፣
ከታች ለመደለዝ፣ ከላይ ደግሞ ለመጻፍ፣
ይከፈለው ነበር ብርዱ እስኪያልፍ።

አዳራሽ ተጠራ። ተልባው ተንጫጫ፤
ሊቀመንበሯ ጠረጴዛውን ወቀጠች እንደ ሙቀጫ።
አንዱ ከኋላ ተነሥቶ "ውሸታም!" አለ።
ለቭዴይ ኮቷን አንሥታ ወጣች።

ተከተልኳት። መቃብሩ ቁልቁል ባሕር ያያል።
ሁለት አጎቶቿ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤
ባንድ ጀልባ ወጥተው፣ ያለቁ ባንድ ማዕበል።
"የትሬሊን ልጅ" ድንጋያቸው ይላል፤
በታላቁ ድንጋይ ኤሉ ሁለት ሲሆን፣
በታናሹ አንድ ነው፤
ድንጋዩ ጠቦት ይሁን፣
ጠራቢው ደክሞት ይሁን።

ጎንበስ ብላ፣ የድንጋይ ሽበቱን ጠርጋ፣
ባውራ ጣቷ ሸፈነች ሁለተኛውን ኤል።
ጥቂት ቆየች።
እጇን አነሣች። ኤሉ እዚያው ነበረ።
ምንም አልተናገረች።

"ባገርህ ፊደልስ ስንት ነው?" አለችኝ ስንመለስ።
ደብተሬን አውጥቼ ስሙን ጻፍኩላት።
ሊ አንዲት ናት።
"ይኸው!" ብላ ሳቀች።
ጄጎ ከደጁ ሆኖ "ቢጠብቅስ?" ሲል፣
"ያው ራሷ ነች፤ መልኳን አትቀይርም" አልኩት።
እሱም "ይኸው!" አለ።

ማታ ከማደሪያዬ የቀኑን ስጽፍ፣
ጄጎ እዚህ ኩሬ አለ
ብዬ መስመሩን ዘጋሁ።
ቢላላ፣ ወሬ ነው፤
ቢጠብቅ፣ ውሃ ነው፣ ከነአያትየው ጫማ።
ከውጭ የደንዚል መሰላል ሲጎተት ተሰማ።