ፊሽካ

ጉደታ ከጎማ ቤት ፊሽካውን ሲነፋ፣
ዳንጊሶ ከጋራዥ ይመልሳል፣ ድምፁ እንዳይጠፋ፤
አርጋው ይቀበላል ከወፍጮ ቤቱ ደጅ፣
ከእርሱ እኔ፣ ከሽንኩርቱ መጋዘን፤ ሌሊቱን እንደ ልጅ
ካንዱ እቅፍ ወደ አንዱ ስናቀባብለው
ለንጋት እናስረክብ ነበር፣ ሳይነካው አንድ ሰው።

አንዱ ፊሽካ ከዘገየ ዱላና ባትሪ ይዘን እንሮጣለን።
አርጋውን ወባ የጣለው ዕለት እንዲያ ነው የደረስንለት፤
ከከረጢት ሥር ወድቆ፣ ዱቄቱ በላቡ ሊጥ ሆኖበት።
ኔትወርክ ካላችሁ፣ ያ ነበር ኔትወርኩ፤
ካርድ የማይሞሉለት፣
የአዳማ ነፋስ ሲብስ ብቻ
ድምፁ ወደ ቦኩ እየተወሰደ የሚቆራረጥበት።

ከዚያ ካሜራ መጣ።
ጎማ ቤቱ ሰቀለ፣ ጉደታ ተሰናበተ፤
ጋራዡ ሰቀለ፣ ዳንጊሶ ብርድ ልብሱን በፌስታል ከተተ፣
ቦዲቲ ገባ።
ወፍጮ ቤቱም ሰቀለ። አርጋው ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤
ሠላሳ ዓመት በኖረበት ከተማ
"ወደ ቀኝ ይታጠፉ" ትለዋለች አንዲት ሴት ከስልኩ ውስጥ።
ይታጠፋል። ምን ያድርግ፣
ኮከብ የሚሰጠው ለታዛዥ ነው።
ለእኛም ግቢ ሂክመት፣ የሐጂ ሙዘይን ልጅ፣ አራት ዓይን ሰቀለች።
እኔን ያስቀረኝ ውሻው ነው፤
"ማን አለብኝ" ከእኔ እጅ ካልሆነ አይበላም።

ሽንኩርቱም ጠባዩ ተለወጠ።
ድሮ ማዳበሪያው ተወግቶ፣ ተሽትቶ፣ በጥፍር ተልጦ፣
ደላላው ስንት ወላሂ ጨርሶ ነበር፤
አሁን ከመቂ ፎቶው ይመጣል፣ ዋጋው በቴሌግራም ይቆረጣል፣
ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ማንንም ሳያስለቅስ ይሸጣል።
ደመወዜም እንዲያው። ሐጂ ድሮ
መዳፌ ላይ ብር በብር ቆጥሮ
"ልጅህ ተሻላት?" ይለኝ ነበር፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።
አሁን ስልኬ ይንጫጫል፤ "ውድ ደንበኛችን" ይለኛል፤
ስሜን ሳይጠራ፣ ውድ መሆኔን የት አየ?

ሌባው የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ከኢሻ ሰላት በኋላ።
አጥር አልዘለለም፣ ቁልፍ አልሰበረም፣ ከጥላ ወደ ጥላ
አልተሹለከለከም። ደወለ።
"ከባንክ ነው፣ ሐጂ፤ ሒሳብዎ እንዳይዘጋብዎ ብለን..." አለ፤
ጨዋ ድምፅ፣ ቅቤ የተቀባ።
ሐጂ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ከፍቶ፣
ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ትቶ፣
ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጠራ፤ "ስድስት... ዜሮ... ዜሮ... ሁለት..."
እኔ ዱላዬን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ሌባ እንዳይገባበት።
"ማን አለብኝ" አፍንጫውን እግሩ ላይ አስተኝቶ ያዛጋ ነበር።
አራት መቶ ሠላሳ ሺህ ብር
በፊቴ አለፈ። ኮቴ የለው፣ ሽታ የለው።

"የት ነበርክ?" አለኝ ሲነጋ።
"በሩ ላይ።"
ፖሊስ መጥቶ የካሜራውን ምስል ሦስት ጊዜ አየ፤
አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ ውሻ።
ሌባ የለበትም።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ከካፖርቴ ኪስ ፊሽካዬን አወጣሁ፤
ዝገቱን በእጅጌዬ ጠርጌ ነፋሁ፤
ወደ ጎማ ቤቱ፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ወፍጮው።
የጅቡቲ መኪና ማርሽ ሲቀይር ሰማሁ፤
ከኮረብታው የነፋስ ተርባይኖቹ ቀይ መብራት
እኩል በራ፣ እኩል ጠፋ። ሌላ መልስ የለም።
ደግሜ ነፋሁ።

የሐጂ መስኮት በራ።
ስልኩ ነግሮታል፤ "ግቢዎ ውስጥ እንቅስቃሴ አለ።"
በሽርጥና በነጠላ ጫማ ወጣ፣ ስልኩ ፊቱን ከታች እያበራው።
"ምንድን ነው?"
"ምንም፣ ሐጂ።"
ሊመለስ ዞረ። ቆመ። ውሻውን አየ፣ ፊሽካውን አየ።
"ልጅህ ግን... ተሻላት?"

ከዳነች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አግብታ ሞጆ ናት።
"ይመስገነው፣ ተሽሏታል" አልኩት።