ግንቦት በስንት ገባ?

ሸዋ በር ነው ሱቁ፤ የእብሬ መለዋወጫ፣
ቺንጋ የሚሰቀልበት፣ የፍሬን ሸራ መሸጫ።
ከመደርደሪያው ኋላ ቆሟል ጥቁር ሰሌዳ፣
ከሰባተኛ «ለ» ክፍል በጋሪ የመጣ እንግዳ።
እኔም አብሬው መጣሁ። ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሆነ፤
ኤክስን ስፈልግ የኖርኩበት ግድግዳ በብርድ ልብስ ተከደነ።

አሁን ጠመኔ ይዤ እዚህ ቆሜ እውላለሁ፤
የሰው ግምት ሲወጣ ሲወርድ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
የካርቶን ቁራጭ አለ፣ የእብሬ ማኅተም ያረፈበት፣
«ጦርነቱ እስከ ግንቦት ሠላሳ ካለቀ» ተብሎ የተጻፈበት፤
ካለቀ መቶ ብር፣ ካላለቀ የምድጃ ማቀጣጠያ።
በሠላሳ አምስት ከተሸጠ፣ ደሴ እንዲህ እያለች ነው፦
«ከመቶው ሠላሳ አምስት እጁ፣ ሰላሙ የግንቦት ነው።»
ሐምሌ በስልሳ ይሸጣል፤ ጳጉሜ ሰማንያ ነካ፤
ከጳጉሜ ወዲያ ያለውን እብሬም ለመሸጥ ፈራ።

«ሬዲዮ ያወራል፤» ይላል እብሬ፣ «ኪስ ግን አይዋሽም፤
ለምላሱ የማይከፍል ሰው ነቢይ ሊባል አይችልም።»

ሸህ ኑርዬ ባለፉ ቁጥር «ቁማር ሐራም ነው» ይላሉ፤
ሦስት እርምጃ ይሄዱና «ለመሆኑ» ብለው ዞር ይላሉ፣
«ግንቦት በስንት ገባ?»

ማክሰኞ ማታ ሙሄ መጣ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ።
ከኮምቦልቻ ጭኖ ሐረጎን ወጥቷል፤ ሞተሩ ገና አልበረደም።
ሸራው በገመድ አራት ዙር ተጠፍሯል።
አልጠየቅነውም። አልነገረንም።
አርባ ካርቶን ከኪሱ አወጣ፣
«ባገኘኸው ዋጋ» አለ፣
ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።
ሠላሳ አምስትን አጠፋሁ። ሃያ። አሥራ ሰባት። አሥራ አንድ።
ከሸራው ሥር ያለውን ሱቅ ሙሉ ሰው አየው፣
ሸራውን ማንም ሳይገልጥ።

በነጋታው እትዬ ጀማነሽ መጣች።
አሥራ አንድ ገዛች። አሥራ አራት ሆነ፣ ገዛች።
አሥራ ስምንት አልኩ፤ መሐረቧን ፈታች።

«እትዬ፣» አልኳት፣ «ሒሳቡ አያዋጣም፤ ገንዘብሽ ይበላል።»
«ሒሳቡን ላንተ ትቻለሁ፤» አለች፣ «የእኔ ሌላ ይላል።
ደሳለው እዚያ ነው። አሥራ አንድ ብለህ የጻፍክ ለታ
እግሬ አልሄድ አለኝ፣ ቀረሁ ቧንቧ ውሃ መታጠፊያ ቦታ።
የሚያወርደው ሰው ካለ፣ የሚያነሳው ይኑር እንጂ፤
ወድቆ ካደረ ቁጥር ሥር እንዴት ብዬ ልተኛ እንጂ?»

ብቻዋን ሃያ ስድስት አደረሰችው።
ወሬው ፒያሳ ወጣ፦
«የሚያውቅ ሰው እየገዛ ነው፤»
«ከላይ የሰማ አለ፤ ያለ ነገር ዋጋ አይንርም።»
ዳቦ ቤቱ ሦስት ኩንታል ዱቄት ጨመረ።
አንዱ ያራዘመውን ሠርግ ወደ ሰኔ መለሰ።
ሸህ ኑርዬ «ሃያ ስድስት» ብላቸው
«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሐራሙን ረሱት።

እኔ ዝም አልኩ።
የሚያውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው የጡረታ ደብተር ነበር፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣
የሠላሳ ዓመት የክር ብናኝ።

ግንቦት ሠላሳ፣ ጦሳ ጉሙን ወደ ከተማው ሲለቅ፣
ሁለት ብር ነበር። እሱንም ገዛች።
እብሬ መዝገቡን ዘጋ፤ «ጻፍ» አለኝ።
ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ፣ ዜሮ እንዴት እንደሚጻፍ፤
ከላይ ጀምሮ፣ በግራ ዞሮ፣ መነሻው ላይ ማረፍ።
ጀመርኩት። ዞርኩ።
ጀርባዬ ላይ እያየችኝ ነበር።
የጣት ስፋት ሲቀረኝ ጠመኔው ተሰበረ፤
ሌላ አላነሳሁም።
ክቡ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ካርቶኖቹን ቆጥራ ቋጠረች፤ አልጣለቻቸውም።
ሦስት እርምጃ ሄደችና ዞር አለች፣
«ለመሆኑ ሐምሌ በስንት ገባ?»