መሃሉ የት ሄደ?

ሄርማታ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሙስባህ ጠባብ ሱቅ፣
በቆርቆሮው ዝናብ ድምፅ ላይ በዋጋ ስንጨቃጨቅ፣
«ይኼኛው አራት ኬ ነው፣ በጨለማም ያያል፤
ያኛው ለሠርግ የታወቀ፣ የሙሽራ ፊት ያበራል።»
እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ሽማግሌ እጅ፣
ለመሮ ጫፍ ነበር እንጂ።

አባ ዲጋ፣ ከጅሬን ሥር፣ ከዋንዛ ግንድ፣ አንድ ወጥ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲፈለፍል፣ ሲያስጌጥ
ስልሳ ዓመት ሆኖታል።
(አንቱ ስለው ይቆጣል፤ «ብዙ ሰው ነኝ ወይ?» ይላል።)
ልማር ብለው ከመጡት አንዱ ባጃጅ ገዝቶ ሄደ፣
ሌላው ወገቤን አለና መዶሻውን ካደ።
«እነሱ ካልመጡ» አለኝ፣ «አንተ በሣጥንህ ሂድ፤
ግን ጥርት ይበል። ጅማቱ በማይታይ ግንድ
መሮ የሰደደ ሰው
የሚፈለፍለው ጣቱን ነው።»

ከመግዛቴ በፊት ስንቱን ጠየቅሁ! አንዱ «ራም ጨምር» አለኝ፣
የዩኒቨርሲቲው ቶፊቅ የፕሮሰሰር ስም በብጣሽ ወረቀት ጻፈልኝ፣
የፎቶ ቤቱ ዳርጌ «ሌንስ ነው ሁሉ ነገር» ብሎ ማለ፤
የቴሌው ሠራተኛ ብቻ «የመላኪያ ፍጥነትህ ስንት ነው?» አለ።
መልሱን አላወቅሁምና ጥያቄውን ናቅሁት።

የእቁብ ዕጣዬን ቆጥሬ ትልቁን ካሜራ ገዛሁ፤
በባጃጅ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው፣ ቆቺ ገባሁ።
ከኮምፒውተሩ ሰካሁት። ዝም። ጥቁር። አልተዋወቁም፤
እንደተኳረፉ አማቾች ተፋጠው አይነጋገሩም።
ተመልሼ ፎቅ ወጣሁ። ሙስባህ ሻዩን እያማሰለ፣
«ያለ ካፕቸር ካርድማ እንዴት ይሆናል?» አለ።
«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርኸኝ?»
«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?»

የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ቀላል፣ ጥቁር ነገር።
«ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ሰካት፤ በነጩ ምስሉ ይታነቃል፤
ርካሿን ከወሰድህ በግማሽ ሰዓት እንቁላል ይጠበስባታል።»
ውዷን ወሰድሁ፣ በዱቤ።
አለቀ አልሁ በልቤ።

ቅዳሜ። አሥራ አራት ተመልካች። አባ ዲጋ በነጭ ቆቡ፣
ግንዱን በጉልበቱ ይዞ፣ ከመሮው ጫፍ ላይ ልቡ።
ምስሉማ ውብ ነው፤ የላቡ ጠብታ ይቆጠራል፤
የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣
ፍሬሙን እያንጠባጠበ በራሱ ሙቀት ነደደ።
ከአጋሮ አንዲት ልጅ ጻፈች፦
«መሮው እዚህ ነበር፤ አሁን እዚያ ነው። መሃሉ የት ሄደ?»

አነበብሁለት። አልተቆጣም። ካርዷን በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣
አሽትቷት፣ ወደ ጆሮው ወስዷት፣ ቦታዋ መልሶ፣
«ግንዱ ሰፊ፣ በሩ ጠባብ፤ ብትገፋው ምን ይረባል?
ደጅ ላይ ይጠረባል።»

ሰኞ ፎቅ ወጣሁ። «ትልቁን ውሰድ፣ ትንሹን ስጠኝ፤
ልዩነቱን በግራፊክስ ካርድ፣ በዩፒኤስ መልስልኝ።»
ሙስባህ ሳቀ። «በዚህ ሱቅ እስከ ዛሬ ቀን
ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የለወጠ አላየን።»
ከሺህ ሰማንያ መስመር ወደ ሰባት መቶ ሃያ ወረድሁ፤
ጭመቃውን ለካርዱ ሰጥቼ ኮምፒውተሩን አሳረፍሁ።
ቁጥሩን ሳወርድ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርሁ።

ቅዳሜ። ዘጠኝ ሰው ብቻ። መብራት መጣ፣ ሄደ፣ ጠፋ፤
ዩፒኤሱ እየጮኸ ሥርጭቱን እስከ ማታ ገፋ።
መሮው ከዚህ ተነሳ፤ ጅማቱን ተከትሎ
ሄደ፣ ሄደ፣ እዚያ ደረሰ፣ መሃሉን ሁሉ አካልሎ።
የአጋሮዋ ልጅ ምንም አልጻፈች።

ረቡዕ ማታ ፎቶ ላከች፤
ደብዛዛ፣ የእጇ ጥላ ያረፈበት፣
ካልተላጠ ግንድ አንዲት ጠማማ እግር የወጣችበት።
አባ ዲጋ ስልኬን ወደ አምፖሉ አዙሮ ብዙ ቆየ።
ጥርት ይበል አላለም።
«ሁለቱ» አለ፣ «ገና ውስጥ ናቸው።»